ያዘልኩት ሊጥ

ዳቦ መጋገር የተማርኩት አሰላ ፈረንጆች ቤት ስሠራ ነው። ንጉሡ ከመውረዳቸው ጥቂት ዓመታት በፊት መሆኑ ነው። ሰዎቹ ለሽርሽር ላንጋኖ ሲወርዱ የሚይዟት ተጣጣፊ የቆርቆሮ ምድጃ ነበረቻቸው። ስትታጠፍ እንደ መጽሐፍ ትከደናለች፤ ስትዘረጋ ሳጥን ትሆንና የላምባው ምድጃ ላይ ትቀመጣለች። ሐይቁ ዳር ሊጡን ጥላ ሥር አስቀምጬ ውሃ ቀድቼ ሳልመለስ ኩፍ ይላል። አገራቸው ሲገቡ ምድጃዋን ለእኔ ተዉልኝ። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩትን፣ ሰው ፊት ቀና ብዬ መናገር የማልችለውን እኔን ቀያሾች ምግብ አብሳይ አድርገው የወሰዱኝ በእሷ ምክንያት ነው።

ድንኳኑ የተተከለው ከበቆጂ በላይ፣ ገብስ ማሳ ጥግ ነበር። ወንዶቹ ጠዋት መሣሪያቸውንና ችካላቸውን ተሸክመው ይወጣሉ። እስኪመለሱ የምሰማው ነፋሱ ሸራውን ሲመታው ብቻ ነው። የመንደሩ ሴቶች ወደ ምንጭ ሲወርዱ አያቸዋለሁ። ኦሮምኛ ከልጅነቴ ጀምሮ አሰላ ገበያ ላይ ለምጄዋለሁ። ግን እንኳን በኦሮምኛ፣ በአማርኛም ሰላም ለማለት አልደፍርም። ሲቃረቡ ድንኳን እገባለሁ፤ ካለፉ በኋላ ወጥቼ ጀርባቸውን አያለሁ።

ብርዱ ሊጡን ገደለብኝ። ከጠዋት እስከ ማታ ቢቀመጥም አይነሳም።

“ይቺን ችካል አድርገን ብንተክላት ድንበር የሚገፋ አይገኝም” አለ አንዱ ቀያሽ፣ ዳቦውን በቢላ እጀታ እያንኳኳ። ሁሉም ሳቁ። አለቃው ግን አልሳቁም።

“እህቴ፣ እንዲህ ከሆነ ዕቃ የሚያመጣው መኪና ሲመለስ ከሱ ጋር አሰላ ትገቢያለሽ። ዳቦ ከበቆጂ እናስመጣለን።”

አሰላ የምገባበት ቤት አልነበረኝም።

ሰፈሩ ውስጥ ሳይበርድ የሚውል ነገር ስፈልግ ያገኘሁት የራሴን ገላ ብቻ ነው። ሊጡን ዱቄት በነሰነስኩበት ጨርቅ ጠቅልዬ በነጠላ አዘልኩት፤ በላዩ ጋቢ ደረብኩ። እንደዚያው ሆኜ ውሃ እቀዳለሁ፣ እንጨት እፈልጣለሁ። እየሞቀና እየላላ ሲሄድ ጀርባዬ ላይ ይታወቀኛል። አንዳንዴ እጄን ወደ ኋላ ልኬ ቸብ ቸብ ሳደርገው ራሴን አገኘውና ብቻዬን አፍራለሁ። ወንዶቹ እንዳያዩኝ ስለምሰጋ ግን ቶሎ እፈታዋለሁ፤ ዳቦውም ግማሽ ተነስቶ ይቀራል።

መኪናው ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው ሳልፈታው ለመዋል ቆረጥኩ። የዚያን ዕለት ጉም ወረደና ወንዶቹ ምንም ማየት ስላልቻሉ ገና በረፋዱ ተመለሱ። ጥግ ለጥግ እያልኩ ጀርባዬን ስደብቅ ከጉሙ ውስጥ የሴቶች ዜማ ተሰማ። ሲንቄያቸውን፣ ያገባች የአርሲ ሴት ለክብሯ የምትይዘውን ቀጭን በትር፣ ከፍ አድርገው መጥተው ድንኳኑ ፊት ቆሙ። አንዲት ሽማግሌ ሴት ከፊት ወጥተው በኦሮምኛ ይቆጡ ጀመር።

“ምንድን ነው የሚሉት? ቋንቋውን የሚሰማ የለም?” አሉ አለቃው።

“እኔ እሰማለሁ” አልኩ።

“እሺ፣ ምን ይላሉ?”

“አራስ ሴት በብርድ እንጨት ታስፈልጣላችሁ፣ ነውር ነው ይላሉ። ገንፎ ማን አገነፋላት፣ ቅቤ ማን ቀባት ይላሉ።”

“የቷ አራስ?”

መሬት መሬቱን እያየሁ “እኔ” አልኩ።

“በስመ አብ!” አለ ያ ቀልደኛ። “መቼ ወለድሽ?”

በሕይወቴ ስለ እኔ ብሎ የተቆጣ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። እውነቱን ብናገር ሴቶቹ ጥለውኝ እንደሚሄዱ አውቃለሁ። ነጠላውን በዚያ ብርድ ብፈታው ደግሞ ሊጡ ይሟሽሻል፣ እኔም ነገ መኪናው ላይ ነኝ። ዝም ብል ግን ካሳና ይቅርታ ሳያገኙ የሚመለሱ አይደሉም። ተንበርክኬ ፈታሁት።

አሮጊቷ ሕፃን ሊቀበሉ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ጨርቁን ገለጥ አደረጉ። ሊጡን በጣታቸው ጫን አሉት፤ ቀስ ብሎ ተመለሰ። ከዚያ ወንዶቹን አንድ በአንድ አዩና “አባቱ የትኛው ነው?” አሉ። ሴቶቹ በትራቸውን ተደግፈው ሳቁ። ስተረጉመው ወንዶቹም ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ መሰለኝ።

“ሸፍኚው፣ ይበርደዋል” አሉኝ አሮጊቷ። አልጠበቁኝም። ራሳቸው ጠቅልለው ጀርባዬ ላይ አስቀመጡት፤ ነጠላውን ደረቴ ላይ ጠበቅ አድርገው ቋጠሩልኝና ትከሻዬን በመዳፋቸው ዳበሱኝ።

ዳቦው የምድጃዋን ጣሪያ ነክቶ አናቱ አረረ። ሴቶቹ እንደቆሙ ቀምሰው ሄዱ። አለቃው ያረረውን ሳይፍቁ በሉ። በማግሥቱ መኪናው ያለ እኔ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ሴቶቹ ወደ ምንጭ ሲወርዱ “ልጅሽ አደገ?” እያሉ ከሩቅ ይጣሩ ነበር። እጄን አነሳላቸዋለሁ፤ ቃሉ ግን አይወጣም። ብቻዬን ስሆን “አድጓል፣ ኑና እዩት” ማለትን በኦሮምኛ እለማመዳለሁ። ነገ እላለሁ፣ ነገ እላለሁ ስል ድንኳኑ ተነቀለና ወደ ጎበሳ ሄድን።

ጎበሳ እንደዚያ አይበርድም። ሊጡ ዕቃው ውስጥ እንዳለ ኩፍ ይላል፤ ማዘል አላስፈለገኝም። ጀርባዬን ግን ይበርደኝ ነበር።