ጀርባቸውን ለግድግዳ የሰጡ ፖስታዎች

አባቴ የአበባ ዘር የሚያስቀምጥባቸው ፖስታዎች አስራ አንድ ነበሩ። እያንዳንዳቸው ከመዳፌ አይበልጡም። ፊታቸው ላይ የአበባ ሥዕል በቀለም ታትሞበታል፤ ጀርባቸው ላይ በማናውቀው ቋንቋ ሁለት ሦስት መስመር ተጽፎ የቀረው ባዶ ነው። እኔ ሳልወለድ ቢቸና ያስተምር የነበረ የውጭ አገር መምህር ወደ አገሩ ሲመለስ ለአባቴ የተወለት ናቸው። ውስጣቸው የነበረው ዘር በመጀመሪያው ክረምት ተዘርቶ አልቋል። አባቴ ግን ፖስታዎቹን አልጣላቸውም። አበባው ሲደርቅ ዘሩን ይለቅምና ወደየፖስታው ይመልሰዋል፤ በሚቀጥለው ክረምት ይዘራዋል፤ ደግሞ ለቅሞ ይመልሰዋል። እኔ ነፍስ ሳውቅ ፖስታዎቹ በዕድሜ ይበልጡኝ ነበር፤ ዘሩ ግን ሁልጊዜ የአምና ነው።

የአበቦቹን ስም የሚነግረን ስላልነበረ አባቴ ራሱ ስም አወጣላቸው። ነጩን፣ ትልቁን፣ ጥምጥም የጠመጠመ የሚመስለውን “ደብተራ” አለው። ሐምራዊ ሆና አንገቷን የምትደፋውን “ሙሽሪት”። ቢጫው ረጅም ስለሆነና ከአጥሩ በላይ አንገቱን እያሰገገ ሰው ቤት ስለሚያይ “ጎረቤት” ተባለ። ሌሎቹም እንዲሁ።

በየዓመቱ ሰኔ ሚካኤል ካለፈ በኋላ አንድ ቀን፣ ከሥራ ሲመለስ፣ በረንዳው ላይ በርጩማ ይዞ ይቀመጣል። እኔ ፖስታዎቹ የሚቀመጡበትን የብስኩት ቆርቆሮ አቅፌ አጠገቡ እቆማለሁ። አባቴ መምህር ስለነበር ፖስታዎቹን እያወጣ ክፍል ውስጥ ስም እንደሚጠራ ይጠራቸዋል።

“ደብተራ!”

“አቤት!” እላለሁ እኔ።

“ሙሽሪት!”

“አቤት!”

“ጎረቤት! ጎረቤት የለም? ሰው ቤት ሄዶ ይሆናል።”

“አለሁ፣ አቤት!”

ትምህርት ቤት ስሜ ሲጠራ አፌ ውስጥ የሚቀር ድምፅ ነበረኝ። መምህራኑ ቀና ብለው ፈልገው ካላገኙኝ ቀሪ ይሉኝ ነበር። በዚያ በረንዳ ላይ ግን ለአስራ አንድ አበባ ጮክ ብዬ እመልስ ነበር።

ከጠራ በኋላ ጀርባቸውን ያነብልኛል። በየዓመቱ ዘሩን ሲመልስ በእያንዳንዱ ፖስታ ጀርባ አንድ መስመር ይጽፋል፤ ፊደሉ ጤፍ የሚያክል ነው። “በረዶ መታው።” “የጣራው ቆርቆሮ ተቀየረ።” “ልጄ ትምህርት ቤት ገባች፤ ሁለት ቀን አለቀሰች።” አንዳንዱ ስለ አበባው ነው፣ አንዳንዱ ስለ ቤታችን። አንብቦ ሲጨርስ ፖስታውን ከፍቶ ዘሩን መዳፌ ላይ ያፈስልኛል።

እሱ ሲሞት አስራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። የምንኖርበት የትምህርት ቤቱ ቤት ስለነበር መልቀቅ ነበረብን። መጻሕፍቱ ለትምህርት ቤቱ ተሰጡ፤ ደብተሮቹ በዚያ ግርግር የት እንደገቡ አላውቅም። በእጁ የጻፈው ነገር የቀረን ከእነዚያ ፖስታዎች ጀርባ ያለው ብቻ ነበር። ለምን ያኔ ቁጭ ብዬ እንዳልገለበጥኩት ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄአለሁ። የጠርሙስ ክዳን እንኳ ቆጥሬ የማስቀምጥ ሰው ነኝ። ሐዘን ነበር፣ ፈተና ነበር፤ ደግሞ ፖስታዎቹ የትም የሚሄዱ አልመሰለኝም።

የተከራየነው ክፍል በሩ የሚከፈተው ሲሚንቶ ላይ ነው። አንድ ስንዝር አፈር የለውም። ዘር ደግሞ ዓመት ዓመት ካልተዘራ ይሞታል። ለዩኒቨርሲቲ ጅማ ሲደርሰኝ እናቴ ናት ሐሳቡን ያመጣችው።

“ሞጣ ለእቴቴ ስጪያቸው። ሰፊ ጓሮ አላቸው። ተምረሽ እስክትመለሺ ይጠብቁልሻል።”

እቴቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። አባቴ ራሱ “እርስዎ” ይላቸው ስለነበር እኛም ከዚያ ሌላ አጠራር አልነበረንም። ቆርቆሮውን ጭኔ ላይ አድርጌ በአውቶቡስ ሄድኩ፤ ግንደወይን ላይ ሰው ሁሉ ምሳ ሊበላ ሲወርድ እኔ ቆርቆሮውን ትቼ መውረድ ፈርቼ ተቀምጬ ቀረሁ። ሞጣ እንደደረስኩ እያንዳንዱን ፖስታ እያወጣሁ አሳየኋቸው። የትኛው ፀሐይ እንደሚወድ፣ የትኛው ውሃ እንደሚጠላ፣ ዘሩ ወደየራሱ ፖስታ መመለስ እንዳለበት፣ አባቴ ከጀርባው በየዓመቱ አንድ መስመር ይጽፍ እንደነበር ነገርኳቸው። በዚያን ጊዜ የተናገርኩትን ያህል በአንድ ቀን ተናግሬ አላውቅም።

እቴቴ ፖስታዎቹን ደረታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። “እኔ መጻፍ አላውቅም እንጂ መዝራትማ ማን ይቀድመኛል? ዘሩን እመልሰዋለሁ፤ የሚጻፈውን አንቺ ስትመጪ ትጽፊዋለሽ።”

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ መስከረም ላይ ከጅማ እደውልላቸው ነበር።

“በቀለ፣ እቴቴ?”

“ኧረ መብቀል ብቻ! ሰው መንገዱን እየተወ በአጥሬ በኩል ነው የሚያልፈው።”

“ሙሽሪትስ?”

“ሙሽሪት ዘገየች፤ መቼም ሙሽራ ናት፣ ስትኳል ነው የዋለችው። አሁን ወጣች።”

“ደብተራውስ?”

“ደብተራው ቆሟል። እንዴት ያለ ቢጫ መሰለሽ!”

ይህ የሁለተኛው ዓመት ነው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ “ቢጫ” የሚለው ቃል ጆሮዬ ላይ ቀርቶ ነበር። ነጩ ደብተራ ከቢጫው “ጎረቤት” ጋር ተዳቅሎ ይሆናል አልኩ። ባዮሎጂ እማር ስለነበር ለራሴ የማቀርበው ማስረጃ አላጣሁም። የሰማሁትን ለእናቴ ደውዬ እነግራታለሁ፤ እሷም “እሰይ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው” ትላለች።

ተመርቄ ቢቸና ሥራ ያዝኩ። በዚያው ዓመት እናቴ በማኅበር ባገኘችው ቦታ ላይ ሁለት ክፍል ሠራች፤ ከበሩ ፊት አራት እርምጃ አፈር ተረፈ። ለእቴቴ ደውዬ ዘሩን ልወስድ ልመጣ ነው አልኳቸው። “ምን አደከመሽ፣ ሰው ሲመጣ እልክልሻለሁ” አሉ። አንድ ጊዜ ዝናቡ ይለፍ አሉኝ፤ አንድ ጊዜ ወገባቸውን አሟቸው ነበር። በመጨረሻ ጥቅምት ላይ፣ ሁሉም አበባ በአንድ ላይ የሚፈካበትን ሳምንት አስቤ፣ ሳልነግራቸው ሄድኩ። ሳልጠራ ሰው ቤት የሄድኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ጓሮው ውስጥ ጎመን አለ። ድንች አለ፤ በአጥሩ ጥግ ጌሾ ቆሟል። ዞሬ ዞሬ አየሁ፣ ሌላ የለም። እቴቴ ከኋላዬ መጥተው አቀፉኝ።

“ውይ የኔ ልጅ! ምነው እንዲህ ከሳሽ? ጅማ ያን ሁሉ ዓመት ወረቀት ነው እንዴ ያበሉሽ? ግቢ እንጂ፣ ጎመን አይተሽ አታውቂም?”

እየሳቁ እጄን ይዘው አስገቡኝ። የእንግዳ ክፍሉ የጭቃ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ጋዜጣና የድሮ የቀን መቁጠሪያ ተለጥፎበታል። ከመደቡ በላይ የአባቴ የወጣትነት ፎቶ ተሰቅሏል። በፎቶው ዙሪያ፣ በሥርዓት፣ አስራ አንዱ ፖስታዎች ተለጥፈዋል። ሥዕላቸው ወደ እኛ ነው። ጀርባቸው ከነጽሑፉ በዱቄት ሙጫ ግድግዳው ላይ ተጣብቋል።

“አየሽልኝ?” አሉ እቴቴ። “ያላደነቀ ሰው የለም። የልጄ ሰርግ ለታ ሙሽራው ራሱ ሙሽራይቱን ትቶ ግድግዳውን ነበር የሚያየው።”

ሰርጉ ጥር ላይ ነበር፤ እኔ ጅማ በገባሁበት ዓመት ጥር። የአጋማሽ ፈተና ስለነበረብኝ መምጣት አልቻልኩም። ቆሜ ቆጠርኩ። ቆርቆሮውን ያስረከብኩት መስከረም ነው፤ የመጀመሪያው የመዝሪያ ወቅት ሰኔ ነው። ሰኔ ሳይደርስ ፖስታዎቹ ግድግዳ ላይ ወጥተዋል ማለት ነው። አንድም ዓመት አልተዘራም።

“ዘሩስ፣ እቴቴ?”

ሳቃቸው ቀነሰ። “ዘሩማ... አራገፍኩት። ጓሮ ነው ያራገፍኩት፣ ሌላ ቦታ አይደለም። ዶሮዎቹ ደርሰው ለቀሙት።”

“ታዲያ በስልክ...”

“ምን ልበልሽ?” አሉኝ፤ ቁጣም ልመናም ነበረበት። “አንቺ አገር አቋርጠሽ፣ ብቻሽን፣ ድምፅሽ እየተንቀጠቀጠ ‘በቀለ?’ ስትዪኝ ሞቷል ልበልሽ? ሞቷል ማለት ሰልችቶኛል።” ምሳ ላቅርብ ብለው ወጡ።

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። የምናገረውም ነበረኝ። ግን እንደ ልጅነቴ ድምፄ አፌ ውስጥ ቀረ፤ እጄ ብቻ ተንቀሳቀሰ። ቀሚሴ ላይ የነበረውን መርፌ ቁልፍ ፈትቼ የደብተራውን ፖስታ ጠርዝ ዙሪያውን ተረተርኩት። ባለ ሥዕሉ ወገን ወደ እጄ መጣ፤ ጀርባው ግድግዳው ላይ ቀረ። ከታች እጥፋቱ ውስጥ ሦስት ጥቁር ፍሬዎች ተደብቀው ነበር፤ በመሐረቤ ቋጠርኳቸው። ከዚያ የመሐረቤን ጫፍ በመጠጥ ውሃ ነክሬ ግድግዳው ላይ የቀረውን ወረቀት አረጠብኩ። ወረቀቱ ሲሳሳ ጽሑፉ በወዲያኛው በኩል ተገልብጦ መታየት ጀመረ። እቴቴ መስኮቱ ላይ የሚያስቀምጧትን ትንሽ መስታወት አመጣሁና በእሷ ውስጥ አነበብኩ።

ሙጫው ቀለሙን በልቶታል። የአባቴ እጅ መሆኑ ይታወቃል፣ ቃሉ ግን የለም። አንድ መስመር ብቻ ሙሉ ሆኖ ወጣ።

“እቴቴ ዘር ወሰዱ። እንደ አምናው በቅሏል ይሉኛል።”

“ዩኒቨርሲቲ የላኩሽ ግድግዳ እንድትልጪ ነው?”

እቴቴ ሳህን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። እጄን አዩ፣ ግድግዳውን አዩ። ሳህኑን አስቀመጡና ቀረብ አሉ።

“የሱ ጽሕፈት አለው እንዴ?”

“አለው። ነግሬዎት ነበር።”

“እኔ የፈረንጁ መስሎኝ።” እርጥቡን ወረቀት በጣታቸው ጫፍ ነኩት። “ምን ይላል? ስለ እኔ አለው?”

“‘እቴቴ ዘር ወሰዱ’ ይላል።”

“ወስጃለሁ! እውነቱን ነው፣ ብዙ ጊዜ ሰጥቶኛል። ጻፈው? ስሜን ጻፈው?” ፊታቸው እንደ ልጅ ሆነ። “ሌላስ?”

“ሌላው አይነበብም” አልኩ።

አስሩን አልነካኋቸውም። ከነካኋቸው እንደ አንደኛው ይሆናሉ፤ ካልነካኋቸውም ለእኔ ያው ናቸው። የቀረበልኝን በልቼ፣ ሦስቱን ፍሬ ለእቴቴ አሳይቼ፣ ያሸከሙኝን ጎመን ይዤ ቢቸና ተመለስኩ።

እናቴ ጎመኑን ከእጄ ተቀብላ ዘሩን አልጠየቀችኝም። እሱ ነው ያስደነገጠኝ።

“እማዬ፣ እቴቴ ዘርተው አያውቁም።”

የጎመኑን ማሰሪያ ፈታች።

“ታውቂ ነበር?”

“አባትሽም ያውቅ ነበር” አለች። “ሲሰጣቸው ይስቃል። ዶሮ ነው የሚበላው ይለኛል።”

“እና አውቀሽ ነው እኔን በእጄ አስይዘሽ የላክሽኝ?”

እንዲህ ብዬ እናቴን ተናግሬያት አላውቅም። ጎመኑን እያገላበጠች መለሰች። “የሱን ልብስ ሁሉ ለዘመድ ስናካፍል ለእሳቸው ምንም አልደረሳቸውም። እህቱ ናቸው፤ ከእሱ አንድ ነገር ያስፈልጋቸው ነበር። አንቺ ደግሞ ያን ቆርቆሮ ይዘሽ እዚህ ልትቀሪ ነበር። ጅማ አትሄጂም ነበር።”

ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል። ግን በየመስከረሙ የአበባውን ወሬ እየደወልኩ ስነግራት “እሰይ” ትለኝ ነበር። እቴቴ የዋሹኝ ሊያጽናኑኝ ነው፤ ጽሑፉም የእሱ አልመሰላቸውም። እናቴ ግን ጽሑፉ ምን እንደሆነ ታውቃለች። እኔ በረንዳው ላይ “አቤት” ስል በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር።

በሚቀጥለው ሰኔ፣ ሚካኤል ካለፈ በኋላ፣ ሦስቱን ፍሬ ከበሩ ፊት ዘራሁ። አልበቀሉም። ዕድሜያቸው አልፎ ነበር፤ እንደማይበቅሉ አውቄ ነው የዘራሁት።

መስከረም ላይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እቴቴ ራሳቸው ደወሉ።

“የወሰድሻት ሦስት ፍሬ በቀለች ወይ?”

በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አፈሩ ላይ የእናቴ የውሃ ባልዲ ተቀምጧል። እናቴ ከውስጥ ነጭ ሽንኩርት እየላጠች ነው።

“በቅላለች፣ እቴቴ።”

“ደብተራው ነው?”

“ደብተራው ነው። ቆሟል” አልኩ። “እንዴት ያለ ቢጫ መሰለዎት።”

በወዲያ በኩል ዶሮ ሲጮህ ይሰማኛል። ከዚያ እቴቴ ቀስ ብለው፣ “እሰይ፣ ልጄ” አሉ።

ስልኩን ዘግቼ ወደ ቤት ዞርኩ። እናቴ ቀና አላለችም። ሽንኩርቱን መላጧን ግን አቁማ ነበር።