አንድ እናት፣ ሁለት ጉበት

ወንድሜና እኔ ሲጋራ ያቆምነው በአንድ ቀን ነው። እኔ በማግስቱ ጀመርኩ።

በአምስት ዓመት ይበልጠኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ "ወንድም ጋሼ" እያልኩ ነው የምጠራው፤ ሁለታችንም ከሸበትን በኋላ እንኳ አልተውኩትም። እሱ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። እኔ አቃቂ በሰቃ ትንሽ ቶርኖ ቤት አለችኝ፤ ብረት እቀርጻለሁ፣ የወፍጮና የፓምፕ ዘንግ አስተካክላለሁ። ማጨስ ያስተማረኝ እሱ ነው። ይህን የምለው ለመክሰስ አይደለም፤ ብስክሌት መንዳትም ያስተማረኝ እሱ ነው።

አጫጫሳችን ግን አይመሳሰልም ነበር። እሱ ቁርሱን በልቶ፣ ሥራ ገብቶ፣ ሥራውን ከጀመረ በኋላ ነው የመጀመሪያዋን የሚለኩሳት። ግማሽ ፓኮ ለቀኑ ይበቃዋል። እኔ ገና ዓይኔን ሳልገልጥ እጄ ላይተር ይፈልጋል፤ ፓኮዬን ጨርሼም በፍሬ እጨምራለሁ። ከቶርኖ ቤቴ ፊት ለፊት ሱቅ ያለው የስልጤ ሰው ከደጄ ብቅ ስል ሲያየኝ፣ መንገዱን ሳልሻገር አንድ ፍሬ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ያስቀምጥልኛል። እሱ ራሱ አያጨስም። አንድም ቀን ምክር ሰጥቶኝ አያውቅም።

ይህ ልዩነት ትርጉም ይኖረዋል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። ወንድሜ "ሥርዓት ያለው አጫሽ" ይባል ነበር። እኔ አጫሽ ነበርኩ።

እናታችን የምትኖረው እኔ ጋ ነው። አንድ ክረምት ሳሏ ሲበረታባት ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ወጣቷ ዶክተር ደረቷን አዳምጣ፣ "ቤት ውስጥ የሚያጨስ ሰው አለ?" ብላ ጠየቀች።

"ሁለት አሉ" አለች እናቴ። "አንደኛው ይኸው። ሁለተኛው እሁድ እሁድ ይመጣል።"

ዶክተሯ ጭሱ ለእናቴ ደረት ጥሩ እንዳልሆነ ለእኔ ነገረችኝ። እናቴ ደግሞ እሁድ ከምሳ በኋላ ሁለታችንንም ፊቷ አስቀምጣ ነገረችን።

"ወይ ተዉት፣ ወይ አትምጡ።"

"የት አንምጣ?" አለ ወንድሜ።

"ቀብሬ ላይ።"

"እማዬ፣ ያን ጊዜ መምጣት አለመምጣታችንን በምን ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ" አለች። እኛም አመንናት።

ሲጋራ ለማቆም ክንድ ላይ የሚለጠፈው የኒኮቲን ፕላስተር እዚህ እንደልብ አይገኝም። የወንድሜ ልጅ የጭነት ዕቃ የሚያስተላልፍ ድርጅት ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ዱባይ የሚመላለስ የሥራ ባልደረባዋ ሁለት ካርቶን ይዞላት መጣ። አንዱ ለአባቷ፣ አንዱ ለእኔ። በሚቀጥለው እሁድ መመሪያውን አነበበችልን፤ እናታችን እያየች ሁለታችንም ቀኝ ክንዳችን ላይ ለጠፍን። እናቴ በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አድርጋ መጣበቁን አረጋገጠች።

ሰኞ ጠዋት እስከ ሦስት ሰዓት ቆየሁ። ከዚያ መንገዱን ተሻገርኩ።

ባለሱቁ ሲጋራውን እንደ ወትሮው አወጣ። ስለኩሰው ክንዴን አየና ለመጀመሪያ ጊዜ ጥያቄ ጠየቀኝ።

"እሱ ደግሞ ለምንድን ነው?"

"ሲጋራ ለማቆም ነው።"

ፕላስተሩን አየ። ሲጋራውን አየ። "እሺ" አለና ወደ ሳሙናው ካርቶን ተመለሰ።

ወንድሜ አቆመ። በሦስተኛው ሳምንት፣ "ረስቼዋለሁ" አለ። ሦስተኛው ወር ሲሞላ ፕላስተሩንም ተወው። እኔ እናቴ በአፍንጫዋ እስክትይዘኝ ድረስ አራት ቀን ዋሸሁ። ከዚያ ሁለት ጊዜ ደግሜ ሞከርኩ። ረጅሙ አምስት ቀን ነው፤ በአምስተኛው ቀን አንድ የቆየ ደንበኛዬን ከነዘንጉ አባረርኩት።

ያ ሁሉ በቤታችን ውስጥ ቢቀር ጥሩ ነበር። ግን ወንድሜ ሰፈር ቢቀይርም ባልለቀቀው በሰፈራችን ዕድር ስብሰባ ላይ፣ አጀንዳው ካለቀ በኋላ፣ ተነስቶ ተናገረ። "ሰው ከቆረጠ የማይሆንለት ነገር የለም" አለ። "አቃተኝ የሚል ሰው ያልፈለገ ሰው ነው።" የማንንም ስም አልጠራም። የቤቱ ግማሽ ግን ዞሮ እኔን አየ። ሌላው ግማሽ ያየው ማረሚያ ቤት በጥበቃ የሚሠራ ጎረቤታችንን ነው፤ ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሦስት ጊዜ መመለሱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እሱ መሬት መሬት ያይ ነበር። ከዚያ ወር ወዲህ በእሱ ፈንታ ሚስቱ ትመጣ ጀመር።

ሰው ሲያጨበጭብ እኔም አጨበጨብኩ። ወንድሜ ነው።

እናቴን ለክትትል መልሼ ስወስዳት ዶክተሯ እኔንም ጠየቀችኝ። እውነቱን ነገርኳት።

"ፕላስተሩን ለጥፈው ያጨሱ ነበር?"

"አዎ።"

ቁጣ ጠበቅሁ። እሷ ግን መጻፏን ቀጠለች። "ጠዋት ከተነሱ በስንት ደቂቃዎ ነው የሚያጨሱት?"

"ከመነሳቴ በፊት ነው።"

ስለ ወንድሜም ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"ኒኮቲንን ከደም የሚያጸዳው በዋናነት ጉበት ነው" አለች። "ጉበት ውስጥ ይህን የሚሠራ ኢንዛይም አለ። ፍጥነቱ ከሰው ሰው ይለያያል፤ ልዩነቱ በአብዛኛው በዘር የሚወረስ ነው። አንዳንዱ ሰው ቀስ ብሎ ያጸዳል። ኒኮቲኑ ደሙ ውስጥ ስለሚቆይ ብዙ ማጨስ አያስፈልገውም፤ ሲያቆምም ፕላስተሩ ሊበቃው ይችላል። አንዳንዱ ደግሞ ቶሎ ያጸዳል። ፕላስተሩ የሰጠውን ወዲያው ይጨርስና ሰውነቱ 'ጨምር' ይላል።"

"እኛ እኮ የአንድ እናትና አባት ልጆች ነን።"

"ቁመታችሁ እኩል ነው?"

"እሱ በጭንቅላት ይበልጠኛል።"

"ጉበትም እንደዚያው ነው።"

እርግጠኛ መሆኗን ጠየቅኋት። "አይደለሁም" አለች። "ምርመራው እኛ ጋ የለም፤ የምገምተው ከነገሩኝ ተነስቼ ነው። ቶሎ የሚያጸዳ ሁሉ አያቅተውም፣ ቀስ ብሎ የሚያጸዳ ሁሉም አይሳካለትም። ግን አንድ መድኃኒት አልሠራ ሲል መድኃኒቱ ነው የሚቀየረው። ሰውየው አይሰደብም።"

"እኔን የሰደበኝ የለም" አልኳት።

እናቴ አጠገቤ ነበረች። "እኔ ሰድቤዋለሁ" አለች።

ዶክተሯ ኒኮቲን የሌለበት ክኒን አዘዘችልኝ። እንደ እኔ ያለውን ሰው ከፕላስተሩ የተሻለ ሊረዳው እንደሚችል፣ ዋስትና ግን እንደማትሰጥ ነገረችኝ። ሊያቅለሸልሽ ይችላል፣ ሕልም ያበዛል፣ ስሜቴ ከከበደኝ ግን ሳልውል ሳላድር እንድመጣ አሳሰበችኝ። ክኒኑን ሦስት ፋርማሲ ዞሬ ሳሪስ አገኘሁት።

ቤት ስገባ ለሚስቴ ነገርኳት።

"አሁን ደግሞ ጉበት ሆነ?" አለች።

"ዶክተሯ ናት ያለችው።"

"ባለፈው የሥራ ጭንቀት ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ ብርድ።"

እናቴ ጉዳዩን ይዛ ዋለች። ማታ እራት ላይ፣ "በእኔ ወገን ጉበቱ የፈጠነ ሰው የለም። ይሄ ከአባታችሁ ነው" አለች። አባታችን ከሞተ ብዙ ዓመቱ ስለሆነ መልስ አልሰጠም።

እሁድ ወንድሜ ሲመጣ ምሳ ላይ ነገሩን አስረዳሁት። ምናልባት ደስ እያለኝ ነው ያስረዳሁት፤ ይህን አልክድም። እሱ ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሰው።

"እና እኔ ያቆምኩት በጉበቴ ነው?"

"በከፊል።"

"በከፊል ማለት ምን ማለት ነው? ያን ሁሉ ጊዜ የታገለው ጉበቴ ነው?"

"ወንድም ጋሼ፣ ዶክተሯ እኮ..."

እጁን ታጥቦ ወጣ። በሚቀጥለው እሁድ አልመጣም፤ ከዚያ በኋላም አልመጣም። እናቴ ለጓደኛዋ በስልክ፣ "ሁለት ወንድ ወልጄ በጉበት ተጣሉብኝ" ስትል ሰማኋት።

ክኒኑን ምግብ በልቼ ብወስደውም አቅለሸለሸኝ። ሕልሙም እንደተባለው መጣ። አንድ ቀን በሕልሜ ለአባቴ ዘንግ ስቀርጽ፣ አባቴ ግማሽ ሚሊሜትር ተረፈ ብሎ ሲቆጣኝ አየሁ። ጠዋት ቶርኖ ቤት ስገባ መጀመሪያ ያደረግሁት ቶርኖው ላይ ያደረውን ዘንግ መለካት ነው። ልክ ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት ክኒኑን እየወሰዱ ማጨስ ይፈቀዳል። በስድስተኛው ቀን ከባለሱቁ የወሰድኳት ሲጋራ ወረቀት የማኘክ ያህል ሆነችብኝ። ግማሿን ጥዬ ገባሁ። በስምንተኛው ቀን፣ ዶክተሯ ባለችው ቀን፣ አቆምኩ። ቀላል ነበር ብል ውሸት ነው። ከምሳ በኋላ ያለችው ሰዓት ገደል ነበረች፤ ባለሱቁ ሲጋራ የሚያስቀምጥበት ቦታ ላይ ቆሎ ማስቀመጥ ጀመረ፣ ሳልጠይቀው። አንድ ቀን ያለ ምንም ምክንያት ቆሜ አለቀስኩ። ቶርኖው ይዞር ስለነበር የሰማኝ የለም። የዚያኑ ቀን ሄጄ ለዶክተሯ ነገርኳት፤ ብዙ ጠይቃኝ፣ ከደገመኝ እንድመለስ አስጠንቅቃ ላከችኝ። አልደገመኝም። ያባረርኩትን ደንበኛ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ዘንጉን ይዞ መጣ።

ሁለት ወር ሲሞላኝ በባጃጅ ቱሉ ዲምቱ ሄድኩ፤ ወንድሜ እዚያ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው። ሳላርፍ ወጣሁት። ድሮ በየፎቁ ነበር የምቆመው። በሩን ከፍቶ ሰላም ሳይለኝ ጠጋ ብሎ አሸተተኝ።

"አቆምክ?"

"ሁለት ወር ሆነኝ።"

አስገባኝና ተቀመጥን። ለመርታት ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት፤ የምለውን ሁሉ መንገድ ላይ ደርድሬዋለሁ። እሱ ግን ቀደመኝ።

"እኔ አልታገልኩም" አለ መስኮት መስኮቱን እያየ። "ለጠፍኩት፣ ከዚያ ሲጋራው እስኪመጣብኝ ጠበቅሁ። አልመጣም። ሰው 'እንዴት ቻልክ?' ሲለኝ 'ምንም አላደረግሁም' ማለት አፈርኩ። አንዴ ታገልኩ አልኩ። ከዚያ በኋላ እኔም አመንኩት።"

የደረደርኩት ሁሉ ጠፋብኝ። ሃምሳ አራት ዓመት የሞላው ታላቅ ወንድሜ ፊቴ አፍሮ ሲቀመጥ ማየት፣ ይመጣል ብዬ የጠበቅሁትን ደስታ አላመጣም።

"ለጥፈሃል እኮ" አልኩት። "አልፈልግም ማለት ትችል ነበር።"

ከመስኮቱ ዞረ። "ጥበቃውን አይተኸዋል?" አለኝ።

አላየሁትም። በማግስቱ በምሳ ሰዓት አብረን ቃሊቲ ሄድን። ከማረሚያ ቤቱ ማዶ ጠያቂዎች ውኃና ብርቱካን የሚገዙባቸው ሱቆች አሉ፤ ሰውየው ከአንዱ ሱቅ ኋላ የደንብ ልብሱን እንደለበሰ ቆሞ ያጨሳል። ሲያየን ሲጋራውን ከጀርባው ደበቀ። ጭሱ በትከሻው ላይ ይወጣ ነበር።

"ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት" አለ ወንድሜ።

"ምን አድርገህ?"

"ዕድር ላይ ስለተናገርኩት። ከዚያ በኋላ መምጣት ተውክ።"

"ፈረቃዬ እሁድ ሆኖ ነው" አለ ሰውየው።

ሦስታችንም ቆምን። አንዲት ሴት ምሳ ዕቃ ይዛ በመሃላችን አለፈች። ሰውየው ሲጋራውን ከጀርባው አውጥቶ አንዴ ሳበና፣ "ግን ሰምቼዋለሁ" አለ። "ያን ቀን ቤት ገብቼ ለሚስቴ 'እኔ ሰው አይደለሁም' ብያታለሁ።"

ነገሩን ላለዝብ ብዬ፣ "ጉበትህ ሊሆን ይችላል" አልኩ።

"ጉበቴ ምን ሆነ?" አለ ደንግጦ። እሱን ስናረጋጋ የምሳ ሰዓቱ አለቀ።

ጤና ጣቢያ ይዘነው ሄድን። ዶክተሯ እኔን የጠየቀችኝን ሁሉ ጠየቀችው። እሱ በአብዛኛው የሚያጨሰው ሥራ ላይ ነው፤ በዕረፍቱ ቀን ሁለት ሲጋራ ይበቃዋል። "የእርስዎ ችግር ጉበት አይመስለኝም" አለችው። "የሚያርፉበት ቦታ ይመስለኛል።" ፕላስተር እንዲሞክርና የዕረፍት ሰዓቱን ከአጫሾቹ ተለይቶ እንዲያሳልፍ ነገረችው። ስንወጣ ቅር ብሎት ነበር። ጉበቱን ለምዶት ነበር መሰለኝ።

በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ ወንድሜ ተነሳ። "ባለፈው የተናገርኩት ልክ አልነበረም። ለእኔ ቀልሎኝ ነው" ብሎ ተቀመጠ። ሰው የሚያጨበጭብበት ነገር አላገኘም። ሊቀመንበሩ አመስግኖ ወደሚቀጥለው አጀንዳ፣ ወደ ተቀደደው የዕድሩ ድንኳን አለፈ።

እኔ እስካሁን አላጨስኩም። ክኒኑን ካቆምኩ ከራርሜያለሁ። እናቴ አሁንም ታስላለች፣ ግን እንደ ያኔው አይደለም። ጥበቃው አንዴ አቁሞ ተመለሰ፣ እንደገና አቆመ። ባለፈው ሳምንት ጠዋት ደወለልኝ፤ አንድ ነገር የሆነ መስሎኝ ማሽኑን አጥፍቼ አነሳሁት።

"በሃያ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጋራ ሳልይዝ ሽንት ቤት ገባሁ" አለኝ።

"እንዴት ነበር?" አልኩት።

"አሰልቺ ነው" አለ።