አቶ ሜትር እና ስሟን ያልጠየቃት ተክል

ጎረቤቴን ሰፈሩ ሁሉ አቶ ሜትር ይለዋል። ልብስ ሰፊ ነው፤ ሜትሩ ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም። ቀብር ላይ እንኳ እንዳንጠለጠለው መጥቶ ቀስ ብዬ ያወለቅሁለት እኔ ነኝ። የገዛ ሚስቱ ቀብር ስለነበር አልሳቅሁም።

ሚስቱ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የልብ ጓደኛዬ ነበረች። ጓሮ፣ ከውሃው በርሜል አጠገብ፣ አንዲት ተክል ትታ ሄደች። ቅጠሏ ቀጭንና ረዥም ነው፤ ለማያውቃት ሰው ሣር ናት። ለቀስተኛው እንደተበታተነ አቶ ሜትር በአጥሩ ላይ ብቅ አለና፣

«ይቺ ተክል ስሟ ማነው?» አለኝ።

«እኔ ምን አውቄ! ሠላሳ ዓመት አብረህ የኖርከው አንተ!»

አፌ ክፉ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ተናድጄ ነበር። ሰውየው ጠዋት ሱቅ፣ ማታ ቤት፤ ምሳውን እንኳ ከስፌት መኪናው ሳይነሳ ነው የሚበላው። እጁ ወርቅ ነው፣ ክፋት የለበትም። የገዛ ጓሮውን ግን እንደ እንግዳ ነው የሚያውቀው። አሁን «ስሟን ሳላውቅማ አልሞትም፤ ከእሷ የቀረችኝ ሕይወት ያላት ነገር ይቺው ናት» ይላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፣ አልኩ በሆዴ።

አንድ ቅጠል ቆርጦ የሰፈራችን ችግኝ ሻጭ ዘንድ ሄደ። ችግኝ ሻጩ አገላብጦ አየና፣ «አባቴ፣ በቅጠል ብቻ ላሳስትዎት አልፈልግም። አበባዋ ምን ዓይነት ነው?» አለው። የኛ ሰው አይቶት አያውቅማ! እኔ አይቼዋለሁ፤ ግን አልነገርኩትም። ይፈልጋት፣ አልኩ። እልኸኛ ነኝ።

ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ለካት! እሑድ እሑድ እየለካ የደንበኞቹን ልክ በሚጽፍበት ደብተር ላይ ያሰፍራል። ቁመት ሃምሳ ሁለት። ሃምሳ አራት። ልጅ ያሳደገ ይመስል ለእኔም ያሳየኛል። ዝናቡ አልፎ ደረቁ ወር ሲገባ ግን ቅጠሏ ቢጫ ሆኖ ቁጥሩ መውረድ ጀመረ። አርባ። ሠላሳ። ልብስ ሰፊ ደግሞ አነሰ ሲባል መጨመር እንጂ መተው አያውቅም፤ ጠዋት አንድ ባልዲ፣ ማታ አንድ ባልዲ ውሃ ይገለብጥባት ጀመር።

«ኧረ ተዋት! ሚስትህ በዚህ ወር ጠብታ ሰጥታት አታውቅም!»

«አንቺ እንድትሞትብኝ ነው የምትፈልጊው!» አለኝ። እኔን!

አንድ ጠዋት ቅጠሉ ተነቅሎ እጁ ላይ ቀረ። ቢቆፍር፣ ሽንኩርት የመሰለው ሥሯ በስብሶ ይሸታል። በመሐረብ ጠቅልሎ ወሰደው። «አባቴ፣ ተኝታ ነበር እኮ። የተኛ ላይ ውሃ ይደፋል?» አለው ችግኝ ሻጩ። ብስባሹን በቢላ ሲልጠው ከሥሩ አንዲት የባቄላ ፍሬ የምታህል ጤነኛ ግልገል አገኘ። «ዝናብ እስኪመጣ ደረቅ አሸዋ ውስጥ ያኑሯት። ከተከሏት በኋላ አይነካኳት። ደግሞ አይለኳት!»

የዚያን ቀን በአጥሩ በኩል ሲያለቅስ ሰማሁት። «ገደልኳት፣ ገደልኳት» ይላል። አንጀቴን በላው።

ሁለት ዓመት ጠበቀ። በሦስተኛው እንቡጥ አወጣች። እሱ ግን ጠዋት ሲወጣ ዝግ ናት፣ ማታ ሲመለስ ጠውልጋለች። ሦስት እንቡጥ እንዲሁ አለፈው። በአራተኛው «ሳትከፈት ትሞታለች፤ በቃ፣ እኔን አትፈልገኝም» ብሎ ደጁ ላይ ቁጭ ሲል አላስቻለኝም።

«ቀትር ላይ ነው የምትከፈተው! ፀሐይ ሳትጠልቅ ደግሞ ታበቃለች። ሚስትህ በየዓመቱ ‹ዛሬ እንኳ ምሳህን ቤት ብላ› የምትልህ ለምን መሰለህ? አንተ ስትቀር እኔን ትጠራኝ ነበር። ያንተ ወንበር ላይ ነው ስቀመጥ የኖርኩት።»

ፊቱ አመድ መሰለ። ቀድሜ ባለመናገሬ አፈርኩ።

በማግስቱ ሱቁን በቀትር ዘጋ። ተቀመጥን። ተከፈተች፤ ሐምራዊ ሆና መሐሏ ቢጫ ነው። በስልክ ያነሳውን ፎቶ ለችግኝ ሻጩ ላከለት። ሰውየው ደውሎ «ሞራኤያ ትባላለች፣ አይሪስ የሚባለው አበባ ዘመድ ናት» አለው። አቶ ሜትር ስሟን አንዴ ደገመውና ስልኩን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ወዲያ እስክትጨማደድ ድረስ አያት። ገና አልመሸም ነበር።

«አለቀ? ይቺን ታህል ጊዜ ብቻ ነበር የለመነችኝ?» አለኝ።

ልዋሸው ፈልጌ ነበር።

«አዎ» አልኩት።