ሦስት ጊዜ ተጠርታ

ደወሏ ይሏታል። ስሙን ያወጣችላት የሦስተኛው ችሎት ጽዳት ሠራተኛ ናት። አንድ ቀን ኮሪደሩን እየወለወለች ሳለ እሷ ከጀርባዋ ድንገት ባለጉዳይ ስትጠራ ሰማቻትና በድንጋጤ ባልዲውን ደፋችው። "ኧረ የምን ደወል ነው ያስቀመጡብን!" ብላ ጮኸች። በቃ፣ ስሙ ተለጠፈባት። ከዚያ ወዲህ ከእናቷና ከዳኛው በቀር በእውነተኛ ስሟ የሚጠራት ሰው የለም።

ሥራዋ ችሎት ማስከበር ነው። ዳኛው ሲገቡ "ተነሱ!" ትላለች፣ ስልክ የሚያወራውን ትገላምጣለች፣ ከሁሉ በላይ ግን በሩ ላይ ቆማ ባለጉዳይ ትጠራለች። አጠራሩ ሥርዓት አለው፤ ስም ከነአባት፣ ሦስት ጊዜ፣ በመሀሉ ትንፋሽ እየሰጡ። እስከ ሦስተኛው ጥሪ "አቤት" ያላለ ከሳሽ መዝገቡ ይዘጋል። አለቀ። ሻይ ልጠጣ ወጥቼ ነበር ማለት አያድንም። ደግሞ የራሷ ልማድም አላት። ዝርዝሩን ስትይዝ ከምትጠራው ስም በታች ያለውን በሌላ ወረቀት ትሸፍነዋለች። ዓይን ቀድሞ ከሮጠ ምላስ ይደናቀፋል ባይ ናት። እውነቷን ሳይሆን አይቀርም፤ በሰባት ዓመት ውስጥ የሰው ስም አሳስታ አታውቅም።

ታዲያ ከሦስት ዓመት በፊት አንዲት አሮጊት ጎረቤታቸው የወሰደባቸውን ክፍል ለማስመለስ ክስ መሥርተው ነበር። ሦስት ጊዜ ጠራቻቸው። ዝም። መዝገቡ ተዘጋ። ኋላ ስትወጣ ምን ታይ? ሴትዮዋ ከበሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ወረቀታቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ቁጭ ብለዋል! ቆሽቷ አረረ።

"እማማ፣ ስምዎን ስጠራ አልሰሙም እንዴ?"

"ሰማሁ እንጂ ልጄ። ስሜን ስሰማ ጊዜ ጉሮሮዬ ተዘጋ። ደግሞስ ገብቼ ምን ልበል? ማን አለኝ?"

በነጋታው ደወሏ ከመዝገብ ቤት አንድ ሽፋኑ የተገነጠለ የሕግ መጽሐፍ ተውሳ በምሳ ሰዓቷ ማንበብ ጀመረች። ከብዙ ሳምንት በኋላ፣ የተዘጋ መዝገብ በቂ ምክንያት ካለ ዳግመኛ ይከፈታል የሚለውን አንቀጽ ስታገኝ በደስታ ልትጮህ ነበር። ቀጥሎ ያለውን መስመር አነበበች። የማመልከቻው ጊዜ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። የዚያን ቀን ምሳዋን አልበላችም። "ጠበቃ ካልሆንኩ ሞቼ እገኛለሁ" አለች፤ ለማንም ሳይሆን ለራሷ።

እናቷ ልብስ ሰፊ ናቸው። የፊተኛዋ ክፍል ውስጥ፣ ከስፌት መኪናቸው ኋላ፣ የተማሪ ዩኒፎርም እንደ ግድግዳ ተከምሮባቸው ይውላሉ። ሕግ ልማር ማለቷን ሲሰሙ መኪናውን አቆሙ።

"የመንግሥት ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ምን ጎደለብሽ?"

"የምን ወንበር እማዬ? ይሄን ሁሉ ዓመት ቆሜ እኮ ነው!"

እናቷ ሳቃቸው አመለጣቸውና ነገሩ በዚያው አለፈ። ፊት ለፊት ባይነግሯትም ደስ ብሏቸዋል።

አምና የማታውን የሕግ ትምህርት ቤት የጽሑፍ ፈተና አለፈች። ቀጥሎ የቃል ፈተና ነበር። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ በሩ ላይ ቆማ ስሟን ጠራች። እስቲ አስቡት! የስንቱን ሰው ስም ስትጠራ የኖረችው ደወሏ፣ የራሷን ስም ከሰው አፍ ስትሰማ ውሃ ሆነች። ላብ አጠመቃት፤ ጉሮሮዋ ተዘጋ። ሦስት ጊዜ ተጠርታ፣ ሦስቱንም ጊዜ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን እንዳየች ቀረች። ቤት ገብታ "ጣሉኝ" አለች። እናቷ ደግሞ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ምንም ያላደረጉትን መምህራን ዓመቱን ሙሉ ሲረግሟቸው ከረሙ። "እጃቸው ይሰበር!" በተባለ ቁጥር እሷ አንገቷን ትደፋለች።

ትምህርት ቤቱ ከሁለት ጊዜ በላይ አያስፈትንም። ዘንድሮ ካልሆነ እስከ መቼውም አይሆንም።

የዘንድሮው የቃል ፈተና ቀን ጠዋት እናቷ የቀሚሷን ጫፍ በመርፌ ቁልፍ እያያያዙ፣ "እነዚያ ሰዎች ዛሬም ከጣሉሽ እኔው ራሴ ሄጄ ነው የማናግራቸው" አሉ።

"እማዬ፣ አልጣሉኝም። አምና አልገባሁም። ስሜ ሲጠራ ፈርቼ ዝም አልኩ።"

እናቷ አፋቸው ውስጥ የያዟቸውን የመርፌ ቁልፎች አንድ በአንድ አወጡ።

"እና የዓመት እርግማኔን በከንቱ አስጨረስሽኝ?" አሉ። ቀና ብለው ሲያይዋት ልጅቷ እንባ ይተናነቃታል። "በይ ጫማሽን አድርጊ። እኔም እመጣለሁ።"

መጡም። መለኪያ ሜትራቸውን ካንገታቸው ማውረድ ረስተው ኮሪደሩ ላይ ቆሙ። ስሟ ሲጠራ አሁንም ቃል አልወጣትም። እናቷ ግን ወገቧን በክርናቸው ጎሸም ሲያደርጓት ከበሩ ማዶ ራሷን አገኘችው።

ውስጥ ሁለት መምህራን ተቀምጠዋል። ወዲያው በጎን በር ሽበታሙ ዋና ፈታኝ ገቡ። አፏ አላስችል አላት።

"ተነሱ!"

ሁለቱ መምህራን ብድግ! አንደኛው ብዕሩን ጣለ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ወደደች። ሽበታሙ ሰውዬ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው "በይ እንግዲህ፣ ተቀመጡ በይን" አሏት።

የአከራይና የተከራይ ክርክር ሰጧት። አከራዩ ያለውን ሁሉ አነበቡላትና "ምን ትፈርጃለሽ?" አሏት። ትንሽ አሰበች። "ተከራዩ መጥሪያ ደርሶታል? እሱ እኮ ገና አልተሰማም" አለች። ፈታኞቹ ተያዩ። ይውደዱላት ይናቁባት አላወቀችም።

ውጤቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነበር። አርባ ቦታ፣ ሁለት መቶ ሰው። ኮሪደሩ ላይ መርፌ ቢወድቅ መሬት የሚነካ አይመስልም። ስሙ የተጠራ ሰው ቀርቦ ይፈርማል፤ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ያልቀረበ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። ጸሐፊዋ ጉንፋን ይዟት ድምፅዋ ተዘግቷል፤ ብትጮህ ብትጮህ ከፊት ረድፍ አላልፍ አለ።

"አይሰማም!" "ጮክ በይ እንጂ!" ይላል ሰው።

"ኧረ ለልጄ ስጫት!" አሉ እናትየው ከኋላ፣ ዓይናቸውን በጨው አጥበው። "ሥራዋ እኮ ነው!"

ጸሐፊዋ ተገላገልኩ ብላ ዝርዝሩን ሰጠቻት። ደወሏ እንደ ልማዷ የታችኛውን በወረቀት ሸፍና መጥራት ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ አሥር። "አቤት!" "አቤት!" ሰው ይስቃል፣ ይተቃቀፋል፣ ይፈርማል። ሃያ። ሠላሳ። ወረቀቱን ገልጣ ወደ ታች ማየት አማራት፤ እጇን ከለከለችው። ሠላሳ ሁለት። ወረቀቱን አንድ መስመር ዝቅ አደረገችና ጠራች።

ድምፁ ኮሪደሩን ዞሮ ወደ ጆሮዋ ሲመለስ ነው የማን ስም እንደሆነ ያወቀችው።

ማንም መልስ አልሰጠም። ሰው ግራና ቀኝ ያያል። ያ የአምናው ነገር መጣ፤ ጉሮሮዋ ጥርቅም አለ። እናቷ አግዳሚው ወንበር ላይ ቆመዋል፣ እጃቸው አፋቸው ላይ ነው። ባንድ ቃል ሊገላግሏት ይችሉ ነበር። ትንፍሽ አላሉም።

"ሁለተኛ" አለች ጸሐፊዋ በሻከረ ድምፅዋ።

ሁለተኛ ጠራች። ድምፅዋ ተሰበረ።

"ኧረ የለችም፣ ለተጠባባቂ ይሰጥ!" አለ አንዱ ችኩል።

የለችም? ያቺን አሮጊት አሰበች፤ ወረቀታቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው፣ ከበሩ አጠገብ። እሳቸውም እዚያው እያሉ ነው የሉም የተባሉት። አየር ሳበችና ስሟን ከነአባቷ፣ ሦስተኛው ችሎት በር ላይ እንደምትጠራው አድርጋ ጠራችው።

"አቤት!" አለች።

ኮሪደሩ በሳቅ ፈነዳ። "ራሷ ናት እንዴ?" እናትየው ወንበሩ ላይ እንደቆሙ በመለኪያ ሜትራቸው እንባቸውን ይጠርጋሉ። ጸሐፊዋ ብዕር ዘረጋችላት። ፈረመች። አቅፈው ሊስሟት የመጡትን ግን "ቆይ፣ ቆይ፣ ሰባት ሰው ይቀረኛል" ብላ መለሰቻቸውና ወረቀቱን ዝቅ አደረገች።

ሠላሳ አራተኛው የሴት ስም ነው። አንድ ጊዜ ጠራች፣ ዝም። ሁለተኛ ጠራች፣ ዝም። ቀና ብላ ፊቶቹን አንድ በአንድ ፈለገች። ጥግ ላይ ግድግዳ የተደገፈች መነጽራም ልጅ አየች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አይወጣም።

ደወሏ ዝርዝሩን ከፊቷ ዝቅ አደረገች።

"አይዞሽ እህቴ" አለቻት። "ሦስተኛውን ገና አልጠራሁም። እጠብቅሻለሁ።"