ድነሽ ነይ

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ አስናቀች ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደጃፌ ላይ ቆመች። «እትዬ ውድነሽ፣ አቶ ታደገ አርፈዋል። ቀብር አንሄድም?»

«እኔ አልሄድም» አልኳት።

«ምነው፣ እንዲያ ያሉ ደግ ሰው!» ብላ ሄደች። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከጎረቤት ቀብር መቅረት ትልቅ ነውር ነው። አውቄ ነው የቀረሁት።

በወጣትነቴ ታይፕ ተምሬ ሥራ የምፈልግ ልጅ ነበርኩ። ቀኝ እግሬ በፖሊዮ ስለሰለለ በምርኩዝ ነው የምሄደው። አባቴ ሞቷል፤ ቤታችን ተስፋ ያደረገው የእኔን ደመወዝ ነበር። አቶ ታደገ በሚመሩት መሥሪያ ቤት ለጸሐፊነት ተፈትኜ አንደኛ ወጣሁ። መቼም ታይፕ በእግር አይመታም!

ሊቀጥሩኝ መስሎኝ ቢሯቸው ገባሁ። እግሬን አዩና ከንፈራቸውን መጠጡ። «ልጄ፣ እንዲህ ሆነሽ እንዴት ትሠሪያለሽ? መጀመሪያ ጸበል ግቢ። ድነሽ ነይ፤ ቦታውን አቆይልሻለሁ።»

«ጌታዬ፣ እኔ እኮ አላመመኝም።»

«እምነት ይኑርሽ» አሉኝ።

እናቴ ይህን ስትሰማ እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ መረቀቻቸው። እምቢ ብል ሥራው ሊያመልጠኝ ነው። በጥቅምት ብርድ ከጉንደ ወይን ወዲያ ወዳለ ጸበል ሄድን። በመንገዱ ዳር ባቄላው አሽቶ ነበር፤ እናቴ እየፈለፈለች ታጎርሰኛለች፣ በደስታ ታወራለች። ሳምንቱን ጥሬ ሽምብራ እየቆረጠምኩ፣ ጥርሴ እየተንገጫገጨ ተጠመቅሁ። ስለ እግሬ አንድም ቀን አልጸለይኩም። የጸለይኩት ስለ ሥራው ነው።

ተመልሰን መሥሪያ ቤቱ ስንገባ የጸሐፊዋ ወንበር ላይ የአቶ ታደገ የእህት ልጅ ተቀምጣ በሁለት ጣት ፊደል ትለቅማለች። እሳቸው ምርኩዜን አይተው ከልባቸው አዘኑ። «ወይኔ ልጄ፣ አልሆነልሽም? እምነትሽ ጎድሎ ይሆናል።»

«የጎደለው የእርስዎ ቃል ነው» አልኳቸው።

እናቴ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች፣ ስለ ድፍረቴ ይቅርታ ለመነች። ሥራውን መነጠቄ አናደደኝ፤ እናቴ እዚያ ጉልበት ላይ መውደቋ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በኋላ ታይፕ ገዝቼ፣ ደጃፌ ላይ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እየጻፍኩ ኖርኩ። አቶ ታደገ ባለፉ ቁጥር «ልጄ፣ ጸበሉን ተውሽው?» ይሉኝ ነበር።

አስናቀች ከቀብር ተመልሳ «ለሞተ ሰው እኮ ይቅር ይባላል» አለችኝ። ጸበሉን አልተቀየምኩም፤ ወገቤን ሲያመኝ ዛሬም እሄዳለሁ። ይቅር ማለትም ባላቃተኝ። ግን መጀመሪያ በድያለሁ የሚል ሰው ያስፈልጋል። እሳቸው እስኪሞቱ ድረስ ውለታ የዋሉልኝ ይመስላቸው ነበር።