በላጲስ ያስጠፋሁት ዓረፍተ ነገር

ከኬንያ ሞያሌ ወደ ናይሮቢ የሚወስደው አስፋልት ገና እየተሠራ ሳለ፣ እዚያው ሞያሌ ስንኖር፣ ልጄ ሦስተኛ ክፍል ነበረች። አንድ ቀን ዐሥር የስዋሂሊ ቃላት ይዛ መጣች፤ በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር መሥራት አለባት። ዘጠኙን ለብቻዋ ጨረሰች። ዐሥረኛው ሲያቅታት እኔ ልብስ ወደምሰፋበት በረንዳ መጣች።

«አባ፣ ምዛዋ ማለት ምንድን ነው?»

የእኔ ስዋሂሊ ሱሪ ለማሳጠርና ከፖሊስ ጋር ለመግባባት ያህል ነው። ምዛዋ የሚል ደንበኛ ገጥሞኝ አያውቅም። አላውቅም ለማለት አፈርኩና ከጎናችን የግመል ወተት የምትሸጠውን ጎረቤታችንን ጠራሁ። እሷ ቦረና ናት፣ እዚሁ ኬንያ የተወለደች፤ አማርኛውን ድንበር ተሻግራ ስትነግድ ነው የለመደችው።

«ምዛዋ? የአገሩ ልጅ ነዋ! እዚሁ የተወለደ» አለችና ልጄን አገጯን ያዝ አደረገቻት። «እንዳንቺ። እትብትሽን የቆረጥኩት እኔ አይደለሁ?»

ልጄ ደስ ብሏት መሬት ላይ ቁጭ አለችና በእርሳስ ጻፈች። አነበበችልኝም፤ «ሚሚ ኒ ምዛዋ ዋ ሞያሌ።» እኔ የሞያሌ ተወላጅ ነኝ ማለቷ ነው። ሌላ አባት ቢሆን ግንባሯን ይስማት ነበር። እኔ ግን የስፌት መኪናዬን አቆምኩ።

ከኢትዮጵያ ተሰድደን ኬንያ ውስጥ ዋልዳ በሚባል የስደተኞች ካምፕ ስንኖር አንድ ትምህርት ተምረናል፤ ያልተጠየቅከውን አትጻፍ። በአንዱ ፎርም የሰጠኸው ቃል ከሌላው ካልገጠመ ስምህ ከራሽን ይሰረዛል። ልጄ ደግሞ ቤት ውስጥ ስለተወለደች የልደት ወረቀት የላትም። መምህሯ አንብባ ወረቀትሽ የታለ ብትላት፣ ወሬው የአካባቢው ሹም ቺፉ ዘንድ ቢደርስ፣ አድጋ መታወቂያ ስትጠይቅ ይህ ደብተር ቢወጣባት አልኩ። የሦስተኛ ክፍል ደብተር! እባብ ያየ በልጥ በረየ።

«አጥፊው» አልኳት።

«ተሳሳትኩ?»

«አልተሳሳትሽም። አጥፊውና ስለ ሌላ ሰው ጻፊ።»

ጎረቤታችን ጮኸችብኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ሺዳህ፣ ችግርህ ምንድን ነው? የልደት ካራታሲ የላትም ብለህ ነው? ዋላሂ፣ የትም ሄጄ እመሰክርላታለሁ!»

አጎንብሼ መኪናዬን መርገጥ ቀጠልኩ። ልጄ ወረቀቱ እስኪሳሳ በላጲስ ፈተገችው። ከዚያ ጎረቤታችን የሞያሌ ተወላጅ ናት ብላ ጻፈች።

በማግስቱ ከዐሥር ዐሥር አመጣች። ማንም ምንም አልጠየቃትም። በራሴ ተናደድኩ፤ ዛሬም እናደዳለሁ። ደብተሩ እንኳ ወዲያው አልቆ ሱቅ ውስጥ የስኳር መጠቅለያ ሆኗል።

ልጄ ግን አሁንም ሰው «የት ተወለድሽ?» ሲላት፣ ከመመለሷ በፊት የእኔን ፊት ታያለች።