ለአጎቴ የቆሙ ምስክሮች

አጎቴ የቤተሰብ ገመና አደባባይ አያወጡም ነበር። ዛሬ ከልካይ የለኝምና እጽፈዋለሁ።

ጣሊያን በወጣ በጥቂት ዓመቱ ሲታመሙ፣ ከጃናሞራ ጎንደር ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው። በነጻ የሚታከመው ድህነቱ በመሐላ የተመሰከረለት ብቻ ነበር። መሬታቸውን ነጥቀው የሚያርሱት ሁለቱ ወንድሞቼ ለምስክርነት ተጠሩ። ንጥቂያቸው እንዳይታወቅ፣ «አያ ባለርስት ናቸው፤ ምን ጎድሏቸው!» ብለው ማሉ። አጎቴ እውነቱን ቢናገሩ አልጋ ያገኙ ነበር፤ ዝም አሉ።

ሳይታከሙ ከሐኪም ቤቱ ስንወጣ ግን ሳቁ።

«ምነው አያ፣ ምን ያስቅዎታል?»

«መሬቴን መለሱልኝ እኮ፣ ልጄ! ለዚያውም ምለው።»

ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። በለቅሶው ወንድሞቼ ደረታቸውን ሲደቁ፣ «ምን ያሉ ሸጋ ልጆች ናቸው!» አለ ሰው። እኔ ከእነሱ ጋር አንድ ጡት መጥባቴ አሳፍሮኝ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ፤ ለቀስተኛው ግን እንባዬን የደበቅሁ መሰለው።